ስለ ኢራን ሕዝቦችና ስለ ቋንቋቸው



መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው የፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ 127 አገሮችን ይገዛ እንደ ነበር ያስታውሳል። በልጅነታችን ይህን ስናነብ ደስ የሚለን የአገራችን ስም በመጠራቱ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የንጉሡ ትእዛዝ ወደየአገሩ በተላከ ጊዜ ሁሉም በፋርስኛ ተጽፎ ሳይሆን፥ በየሕዝቡ ፊደልና በየሕዝቡ አፍ ተዘጋጅቶ መላኩ ነው። ደብዳቤ ማርቀቅና ግልባጭ ማውጣት የዕለት ሥራው የሆነ ሰው፥ ይህ ስንት ጸሐፊና ስንት ተርጓሚ እንደሚጠይቅ ሳይነገረው ይገባዋል።

ይህንኑ የድንጋይ ምስክር ያጸናዋል። በምዕራብ ኢራን ቢስቱን በሚባለው ገደል ላይ ታላቁ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ዓመት ገደማ ያስቀረጸው ጽሕፈት ዛሬም ይታያል፤ ቃሉም በ3 ቋንቋ፥ በጥንታዊ ፋርስኛ፥ በኤላምኛና በባቢሎንኛ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ከአንዱ አገር ገዥ ወደ ሌላው የሚጻፈው የመንግሥት ደብዳቤ በአብዛኛው በአራማይስጥ መሆኑ ነው። አራማይስጥ የግዕዝ ዘመድ እንጂ የፋርስኛ ዘመድ አይደለም። ያን ሁሉ አገር የያዙት የፋርስ ነገሥታት በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ማስተዳደራቸውን ውርደት አድርገው አልቈጠሩትም፤ የፈለጉት ሥራው እንዲሠራ ነበርና።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ግን ስለ ጥንቱ ፋርስ ሳይሆን አሁን ኢራን ስለምንለው አገር ነው። ምክንያቱም አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት «ኢራንማ አንድ ሕዝብ፥ አንድ ቋንቋ ነው፤ ምን ጣጣ አለባቸው?» ሲል መስማቴ ነው። ወዳጄ የተናገረው ብዙ ሰው የሚያስበውን ስለ ሆነ አልፈርድበትም። እዚያው ልመልስለት ብጀምር ግን ሻዩ ስለሚቀዘቅዝ፥ መልሴን ለዛሬው ንግግር አቈየሁት።

በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የኢራን ስፋት 1,648,195 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ በ2016 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዎቿ 79,926,270 ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ፋርስ፥ ስንቱ ቱርክ፥ ስንቱ ኩርድ ነው ቢባል ግን መዝገቡ መልስ የለውም፤ ቈጣሪው ሃይማኖትን ይጠይቃል እንጂ ነገድን አይጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ረገድ የሚነገረው ቍጥር ሁሉ ግምት ነው፤ ግምትም እንደ ገማቹ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ዓለም አገሮች ያወጣው የነበረ የታወቀ መግለጫ በአንድ ወቅት ፋርሶችን ከመቶ 51፥ አዘርባይጃኖችን ከመቶ 24 አድርጎ ጽፎ ነበር። በኋላ ግን ያው መግለጫ ፋርሶቹን 61፥ አዘርባይጃኖቹን 16 አደረጋቸው። በካስፒያን ባሕር ዳር የሚኖሩት ጊላኮችና ማዛንደራኖችም አስቀድሞ ለብቻቸው ከመቶ 8 ተብለው ተጽፈው ሳለ፥ በኋለኛው ዝርዝር ስማቸው ጠፋ። የተለወጠው ሕዝቡ ሳይሆን የጸሐፊው አከፋፈል እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

የሆነው ሆኖ ካርታውን ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ፋርስኛ ተናጋሪው በይበልጥ የሚኖረው በመካከለኛው ደጋ፥ በኢስፋሃን፥ በሺራዝ፥ በየዝድ፥ በከርማን፥ በምሥራቅም በማሽሀድ ነው። ዳር ዳሩን የያዙት ግን ሌሎች ናቸው። በሰሜን ምዕራብ በታብሪዝና በአርዳቢል ቱርክኛ የሚናገሩት አዘርባይጃኖች አሉ። በምዕራብ ጠረፍ ኩርዶች፥ ከነርሱም ወደ ደቡብ በዛግሮስ ተራሮች ሉሮችና በጎቻቸውን እየነዱ ቈላና ደጋ ሲመላለሱ የኖሩት ባኽቲያሪዎች ይገኛሉ። ነዳጅ በሚወጣበት በኹዜስታን ዓረቦች፥ በፓኪስታን ጠረፍ ባሉቾች፥ በሰሜን ምሥራቅም ቱርክመኖች አሉ። ኩርድኛ፥ ሉርኛና ባሉችኛ ከፋርስኛ ጋር ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ የአዘርባይጃኑ ቱርክኛ ግን ብዙ ቃል ቢዋዋስም በዘር ከፋርስኛ ጋር አይገናኝም።

ወደ እኛ የሚቀርቡም አሉ። በኡርሚያ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት አሦራውያን ክርስቲያኖች ከጥንቱ አራማይስጥ የተወለደ ቋንቋ ዛሬም ይናገራሉ፤ ቤትን «ቤታ»፥ ስምንም «ሺማ» ይሉታል። በደቡብ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ደግሞ ጥቁር ኢራናውያን አሉ። አባቶቻቸው በባሪያ ንግድ ከአፍሪካ የተወሰዱ ናቸው፤ ከተወሰዱትም መካከል ከእኛ አገር ሄደው «ሐበሺ» ይባሉ የነበሩ ይገኙበታል። ኢራን የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችው በ1929 ነው። በኢስፋሃንም አርመኖች አሉ። ሻህ አባስ በ1604 እና በ1605 ከጁልፋ አፍልሶ አዲስ ጁልፋ በተባለው ሰፈር አስቀመጣቸው፤ እነርሱም በ1638 መዝሙረ ዳዊትን በአርመንኛ አተሙ። ይህም በኢራን ምድር ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያነጋገረው ምንድን ነው ቢባል መልሱ ፋርስኛ ነው። እዚህ ላይ ወዳጄ ያልጠበቀው ነገር ይመጣል። ከ11ኛው ምእት ዓመት እስከ 1925 ድረስ ኢራንን ከገዙት ቤተ መንግሥቶች አብዛኞቹ ትውልዳቸው ከፋርስ ሳይሆን ከቱርክ ነገዶች ወይም በቱርክኛ ከሚነጋገሩ ወገኖች ነበር። በ1501 በታብሪዝ የነገሠው ሻህ እስማኤል «ኸታዪ» በሚል የብዕር ስም ቅኔውን ይቀኝ የነበረው በቱርክኛ ነው። የመንግሥቱ ደብዳቤ፥ የታሪኩ መጽሐፍና የባለቅኔው ጉባኤ ግን በፋርስኛ ይካሄድ ነበር። ፋርስኛን ያሳደጉትና በክብር የጠበቁት የእናታቸው ቋንቋ ያልሆነ ሰዎች ጭምር ናቸው። የታብሪዝ ሕዝብ በቤቱ በቱርክኛ እየተነጋገረ፥ በ1908 እና በ1909 ከተማው ተከቦ በረኃብ ሲፈተን፥ የተጋደለው በቴህራን ለነበረው የኢራን ሕገ መንግሥት ነበር። በጊዜው የታብሪዝን ሰው «ኢራናዊ ነህን?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው። ከ1925 እስከ 1941 የገዙት ረዛ ሻህ መንገድና የባቡር ሐዲድ ዘርግተዋል፤ ትምህርት ቤትና ፍርድ ቤት አቋቁመዋል። ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን አንድ አገር አንድ ቋንቋ ብቻ ሊኖረው ይገባል የሚለውን አሳብ አብረው አመጡት። በትምህርት ቤት ከፋርስኛ በቀር ሌላው እንዳይነገር፥ በቱርክኛና በኩርድኛም መጽሐፍ እንዳይታተም ተደረገ። የቦታ ስም ሳይቀር ተለወጠ፤ የዓረቦቹ ሞሐመራ ኾራምሻህር፥ ኡርሚያም በንጉሡ ስም ረዛኢየ ተባለች። እስከዚያ ድረስ ሰው ወድዶ የሚማረውና የሚኰራበት ቋንቋ፥ ከዚያ ወዲያ የታማኝነት መፈተኛ ሆነ። በ1945 መጨረሻ በታብሪዝ፥ በ1946 መጀመሪያም በማሃባድ በሶቪየት ጦር ጥላ ሥር ሁለት መንግሥታት ተነሥተው፥ አንዱ በቱርክኛ፥ ሌላው በኩርድኛ ማስተማር ጀመሩ። ሁለቱም ያንኑ ዓመት አላለፉም፤ የማሃባዱ መሪ ቃዚ መሐመድም በ1947 ተሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ በቴህራን ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ የእናት ቋንቋ በተነሣ ቍጥር 1946 ይታወሳል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ ይበልጥ የሚናገረኝ የአንድ ባለቅኔ ታሪክ ነው። መሐመድ ሁሴን ሻህሪያር በ1906 በታብሪዝ ተወልዶ በፋርስኛ ቅኔው በመላው ኢራን የታወቀ ሰው ነበር። እንደሚነገረው እናቱ አንድ ቀን፥ ሰው ሁሉ የሚያመሰግንልህን ግጥም እኔ እናትህ አልሰማውም ብለው አዘኑበት። በዚያን ዘመን በእናቱ ቋንቋ መጻፍ ስም ሊያስገኝለት ቀርቶ ሊያስጠረጥረው ይችል ነበር። እርሱ ግን ልጅነቱን ባሳለፈበት መንደር አጠገብ ላለው ለሄይደር ባባ ተራራ ሰላምታ የሚያቀርብ ረጅም ግጥም በቱርክኛ ጻፈ፤ በ1954 ታተመ። ከኢራንም ወሰን አልፎ ቱርክኛ በሚሰማበት አገር ሁሉ ተነበበ። ሻህሪያር ስለዚህ ፋርስኛን አልተወም፤ እስኪሞት ድረስ በሁለቱም ጻፈ። በ1988 ሴፕቴምበር 18 ቀን ባረፈ ጊዜ በታብሪዝ በባለቅኔዎች መቃብር ተቀበረ። ዛሬ በኢራን የፋርስኛ ግጥምና ሥነ ጽሑፍ ቀን ተብሎ በየዓመቱ የሚከበረው ይህ ሰው ያረፈበት ቀን ነው።

ከ1979 አብዮት በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥት በ15ኛው አንቀጽ ፋርስኛን የጋራና የመንግሥት ቋንቋ ካደረገ በኋላ፥ የየአካባቢውን ቋንቋዎች በጋዜጣና በሬዲዮ መጠቀም፥ ሥነ ጽሑፋቸውንም ከፋርስኛ ጎን በትምህርት ቤት ማስተማር የተፈቀደ ነው ይላል። የሕግ ቃል ለለመደ ሰው «ይፈቀዳል» እና «ይደረጋል» ምን ያኽል እንደሚራራቁ ማስረዳት አያሻም። የተፈቀደ ነገር በጀት አይቈረጥለትም፤ መምህር አይቀጠርለትም፤ ባይፈጸም የሚጠየቅ ሹም የለም። በሳናንዳጅ ባለው በኩርዲስታን ዩኒቨርሲቲ የኩርድኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የዲግሪ ትምህርት የተከፈተው በ2015 ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከ36 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አባታቸው ቱርክኛ ተናጋሪ፥ እናታቸው ኩርድ የሆኑት የማሃባድ ተወላጅ መስዑድ ፔዜሽኪያን በ2024 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ይሁን እንጂ የየአካባቢው ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ የቀረበውን ረቂቅ ሕግ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2025 ጣለው።

የሚከለክሉት ሰዎች ያለ ምክንያት ይፈራሉ ለማለት አልደፍርም። ከጠረፉ ባሻገር በየአቅጣጫው ቋንቋው አንድ የሆነ ሌላ ሕዝብ አለ። ይሁን እንጂ ይህ ፍርሀት አንድ ጊዜ በጽኑ ተፈትኖ ነበር። በ1980 ሳዳም ሁሴን ኹዜስታንን በወረሩ ጊዜ የዚያ አገር ዓረቦች በቋንቋ ወንድሞቻችን ስለ ሆኑ እልል ብለው ይቀበሉናል ብለው ነበር። አብዛኞቹ አልተቀበሏቸውም፤ ብዙዎቹም ከሌሎች ኢራናውያን ጋር ቤታቸው ፈርሶ ተሰደዱ።

ስለዚሁ ስደት ባህራም በይዛዪ የሠራው «ባሹ» የተባለ ፊልም አለ፤ በ1986 ተሠርቶ እስከ 1989 ድረስ ለሕዝብ ሳይታይ ቈይቷል። ባሹ ወላጆቹ በቦምብ የሞቱበት፥ መልኩ ጥቁር የሆነ የኹዜስታን ልጅ ነው። በጭነት መኪና ተሸሽጎ በሰሜን ጊላን ይደርሳል፤ አንዲት የሩዝ ገበሬ ሴትም ታገኘዋለች። እርሱ የሚያውቀው ዓረብኛ፥ እርሷም የምትናገረው ጊላክኛ ስለ ሆነ አይግባቡም። የመንደሩ ልጆች ከበው ሲመቱት ከመሬት የወደቀ የትምህርት መጽሐፍ አንሥቶ ስለ አገሩ በፋርስኛ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልጆቹም ይደነግጣሉ፤ ያነበበውን ሰምተውታልና። ለጋራ ቋንቋ ከዚህ የበለጠ ጥብቅና ያቀረበ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ሴቲቱ ባሹን እንደ ልጇ አድርጋ የተቀበለችው መጽሐፉን ከማንበቡ አስቀድማ ነው።

ቃል ከዳር ወደ መካከልም ይሄዳል። በ2022 ሴፕቴምበር 16 ቀን በቴህራን አለባበስን በሚቈጣጠሩ ፖሊሶች ተይዛ ሳለ የሞተችው የ22 ዓመቷ ኩርድ ወጣት በመንግሥት ወረቀት ላይ ማህሳ አሚኒ ትባል ነበር፤ በቤቷ ስሟ ግን ጂና ነው። በትውልድ ከተማዋ በሳቄዝ በቀብሯ ዕለት በኩርድኛ የተሰማው «ሴት፥ ሕይወት፥ ነጻነት» የሚለው ጩኸት፥ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ወደ ፋርስኛ ተመልሶ በቴህራንና በኢስፋሃን አደባባይ ተሰማ።

ይህን ሁሉ ስናገር የቋንቋውን ነገር ብቻ ተከተልሁ። አዘርባይጃኖች እንደ ፋርሶቹ ሺዓ በመሆናቸው በቴህራን ገበያም ሆነ በጦሩና በቤተ መንግሥቱ ሲሾሙና ሲበለጽጉ ኖረዋል። ባሉቾችና የሚበዙት ኩርዶች ግን ሱኒ ናቸው፤ ፕሬዚዳንትነትም በሕገ መንግሥቱ ለሱኒ አልተፈቀደም። የባሉቾች ነገር ራሱን የቻለ ንግግር የሚያሻው ስለ ሆነና የተሰጠኝም ሰዓት ስላለቀ ለሌላ ቀን አቈየዋለሁ።