በጎማ ላይ የቆመ «መሬት»፦ በጭነት መኪና ላይ የሲቢ ሬዲዮ አንቴና አተካከልና አያያዝ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ከትምህርት ክፍላችን ይልቅ ለጋራዥ የሚቀርብ መስሎ እንደሚታይ እገምታለሁ። በከባድ መኪና ጋቢና ላይ ከአንድ ሜትር ጥቂት የምትበልጥ አንቴና ስለ መትከልና «መሬት ስለ ማስያዝ» ነው የምናገረው። ይሁን እንጂ በሰሌዳ ላይ በቀላሉ የምናልፋቸው አንዳንድ ጽንሰ ሐሳቦች ጥርስ የሚያወጡት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሲቢ ሬዲዮ በአሜሪካ ማንኛውም ዜጋ ለአጭር ርቀት ንግግር እንዲገለገልበት የተፈቀደ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ እስከ 1976 መጨረሻ 23 የነበሩት ቻናሎች ከ1977 ጀምሮ 40 ሆኑ፤ ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርትዝ ይዘልቃሉ። የረጅም ርቀት ሾፌሮች በልማድ የሚገናኙት በ19ኛው ቻናል ሲሆን 9ኛው ለአደጋ ጥሪ የተተወ ነው። በተለመደው የኤኤም ስርጭት የሚፈቀደው ኃይል 4 ዋት ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለዛሬው ጉዳያችን ወሳኝ ነው፤ ኃይል መጨመር በሕግ ስለተከለከለ፣ አንድ ሾፌር ድምፁን ሩቅ ለማድረስ በእጁ የቀረው አንቴናውና አያያዙ ነው።

በአሜሪካ በዚህ የጭነት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ከእኛው ፋኩልቲ የተመረቁም አሉባቸው። «ሞባይል እያለ ሲቢ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ስልክ የሚያገናኘን ቁጥሩን ከምናውቀው ሰው ጋር ነው። ሲቢ ግን በዚያው መንገድ ላይ ከፊታችን የሚሄደውን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው ያሰማናል። የዋዮሚንግን ግዛት አቋርጦ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 80 የተባለው አውራ ጎዳና በክረምት በበረዶና በብርቱ ነፋስ ደጋግሞ ይዘጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት መኪኖች መጋጨታቸውን የሚነግር ድምፅ ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ከተሰማ ለሾፌሩ 3 ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከ1 ኪሎ ሜትር ብቻ ከተሰማ ግን 36 ሴኮንድ። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ በበረዶ ላይ ለማቆም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻኝም።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። በ27 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነው፤ ሩቡ 2.75 ሜትር ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ የሩብ ሞገድ አንቴና ብቻውን ሙሉ አንቴና አይደለም፤ ግማሽ ነው። ወደ ዘንጉ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት እኩል አቻ ያስፈልገዋል፤ ያንን አቻ የሚሰጠው ከሥሩ የተዘረጋው ብረት ነው። «መሬት» የሚለው ቃላችን የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መሬት ማለት በእርግጥ አፈር ነው፤ ዘንግ ቀብረን እናስይዘዋለን። የጭነት መኪና ግን በጎማ ላይ የቆመ ነው፤ ከአፈር ጋር በሽቦ የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አያስፈልገውምም። አንቴናው የሚፈልገው ሰፊ ብረት ነው፤ የጋቢናው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው፣ ቻሲው። የመኪናው አካል የአንቴናው ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ከዓመታት በፊት በዚያ አገር ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አንቴናውን በበሩ ላይ ባለው የስፖኪዮ ማቀፊያ ላይ ተክሏል። የሞገድ ተመላሽን የሚለካው መሣሪያ፣ ማለትም የኤስ ደብልዩ አር ሜትሩ፣ በሁሉም ቻናል ከ3 በላይ ያሳየዋል። 3 ማለት ከሚላከው ኃይል ሩቡ ወደ ማሰራጫው ይመለሳል ማለት ነው፤ ብዙ ከቆየም የማሰራጫውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። «መምህር፣ መሬቱ ግን ፍጹም ነው፤ ከማቀፊያው እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በመልቲሜትር ስለካው ግማሽ ኦም አይሞላም» አለኝ። ማቀፊያውን ከቻሲው ጋር ያገናኘው አንድ ሜትር በሚሆን ቀጭን ሽቦ ነበር።

ልኬቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ መልቲሜትሩ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ መሆኑ ነው። መልቲሜትር የሚለካው በቀጥተኛ ፍሰት ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የአንድ ሜትር ሽቦ ኢንዳክታንሱ 1.3 ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው። ይህን በ2ፓይ እና በ27.2 ሜጋኸርትዝ አባዙት፤ 220 ኦም ያህል ሪአክታንስ ታገኛላችሁ። ለባትሪው ድልድይ የሆነው ሽቦ ለሬዲዮ ሞገዱ ግድግዳ ነው። ሽቦውን ማወፈርም ብዙም አይጠቅምም፤ በዚህ ድግግሞሽ ፍሰቱ በመዳብ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው 13 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሚጓዘው በቆዳው ላይ ነው። የሚጠቅመው ማሳጠርና ማስፋት ነው። ወርዱ 2.5፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ ሪአክታንሱ ወደ 9 ኦም ይወርዳል።

ስለዚህ ረጅሙን ሽቦ እንዲያነሣ፣ ማቀፊያው ከበሩ ቆርቆሮ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት እንዲፍቅ፣ ከሥሩም ጥርስ ያለው ሮንዴላ እንዲያስገባ ነገርሁት። ግን በሩም ራሱ ደሴት ነው። ማጠፊያው ግሪስ የተቀባ፣ አንዳንዴም የፕላስቲክ ቀለበት ያለው በመሆኑ በሩን ከጋቢናው ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ አያገናኝም፤ በሩ በተነቃነቀ ቁጥር ግንኙነቱ ይበጠሳል፣ ይቀጠላል። ሁለተኛ አጭር ጥልፍ ከበሩ ወደ ጋቢናው በማጠፊያው ላይ ማሳለፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከሁለቱ ሥራዎች በኋላ ንባቡ ከ2 በታች ወረደ፤ የቀረው የአንቴናውን ርዝመት ማስተካከል ነበር። ፍቀን ያጋለጥነው ብረት እንዳይዝግ መገጣጠሚያው ከጠበቀ በኋላ ከላይ መቀባት እንዳለበትም አትርሱ፤ ዝገት ጥልፉን በአንድ ክረምት ከንቱ ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ተማሪዎቼን ዘወትር ያስገርማል፦ ዝቅተኛ ኤስ ደብልዩ አር የጥሩ አንቴና ማረጋገጫ አይደለም። የ50 ኦም ሬዚስተር ከማሰራጫው ጋር ብናገናኝ ንባቡ ፍጹም 1 ይሆናል፤ የሚወጣው ግን ሙቀት ብቻ ነው። ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነና ጥቅልሉ ከሥሩ ያለ አንቴና የስርጭት ሬዚስታንሱ 5 ኦም ያህል ነው። በመሬት አያያዙ ጉድለት 20 ኦም ከባከነ፣ ሌላውን ብክነት ትተን እንኳ፣ ከ4 ዋቱ ወደ አየር የሚወጣው 0.8 ዋት ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ያ ብክነት ጠቅላላውን ወደ 50 ኦም እያቀረበ የሜትሩን ንባብ ያሳምረዋል። ጥቅልሉ ወደ ጫፍ የወጣ አንቴና የስርጭት ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ፣ በንድፈ ሐሳብ እስከ አራት እጥፍ፣ ለአጭር አንቴና እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

የአሜሪካ መኪኖች ብዙ የጋቢና ክፍል ፋይበርግላስ መሆኑ ሌላ ፈተና ነው፤ ከአንቴናው ሥር ብረት ላይኖር ይችላል። ለዚህ የሚሸጡ «መሬት የማይሹ» አንቴናዎች አሉ። ስማቸው አያታላችሁ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ከገመዱ ሽፋን ይወስዳሉ፤ አብሯቸው የመጣው ገመድ መቆረጥ የሌለበትም ለዚህ ነው። በተራ አንቴና ላይ ግን የገመድ ርዝመት ንባቡን ሊለውጥ አይገባም። 5.5 ሜትር ካልሆነ አይሠራም የሚለው የሾፌሮች ወግ የመነጨው፣ መሬት በጎደለው መኪና ላይ የገመዱ ሽፋን ራሱ አንቴና ስለሚሆን ይመስለኛል። ገመድ ስትለውጡ ወይም በእጃችሁ ስትይዙት ንባቡ ከተለወጠ፣ የመሬት አያያዙን እንደገና ፈትሹ።

በሁለቱ ስፖኪዮዎች ላይ ጥንድ አንቴና መትከል ለዓይን ያምራል። ጥንዱ በሚገባ እንዲሠራ ግን በመካከላቸው ቢያንስ ሩብ ሞገድ ያስፈልጋል፤ የመኪናው ስፋት ደግሞ ከ2.6 ሜትር አይበልጥም። ሁለት በደንብ ካልተያዙ አንቴናዎች አንድ በደንብ የተያዘ ይሻላል።

የማስተካከሉ ሥራ አጭር ነው። መኪናው ከሕንፃና ከሌሎች መኪኖች ርቆ፣ በሮቹም ተዘግተው በ1ኛው፣ በ20ኛውና በ40ኛው ቻናል ይለካል። 40ኛው ላይ ንባቡ ከ1ኛው ከበለጠ አንቴናው ረዝሟል፤ በተቃራኒው ከሆነ አጥሯል። በሁሉም ላይ እኩል ከፍ ካለ መቁረጫ አታንሡ፤ ጥፋቱ ከመሬቱ ወይም ከገመዱ ነው። ብዙ ጥሩ አንቴናዎች የተበላሹት ይህ ሳይታወቅ በመቆረጣቸው ነው። የገመዱ መገጣጠሚያ ውኃ እንዳያስገባ መታሸግ አለበት፤ የሬዲዮው ሁለቱም የኃይል መስመሮች ከባትሪው በቀጥታ፣ ፊውዙም ለባትሪው ቀርቦ ቢሆን ይመረጣል። የአሜሪካ ከባድ መኪኖች ባብዛኛው 12 ቮልት ሲሆኑ የአውሮፓውያኑ 24 ናቸው፤ ለ12 የተሠራን ሬዲዮ ያለ መቀነሻ በእነዚህ ላይ ማገናኘት ወዲያው ማቃጠል ነው።

ስሌቶቹን ራሳችሁ ደግማችሁ እንድትሠሯቸው እሻለሁ፤ በተለይ የአሥር ሴንቲ ሜትሩን ጥልፍ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።