መልስ ያጣ ዐሳብ
(በተማሪዎች አንድነት ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ «በሥራ ቦታ አዲስ ዐሳብን ስለ ማበረታታት» የሚል ነው። ርእሱን ስንቀበል እጅግ ቀላል መስሎን ነበር። ሠራተኛው ያስብ፣ ኀላፊው ያበረታታ፣ አገርም ትደግ ብለን ጭብጨባችንን ተቀብለን ለመውረድ እንችል ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አምስታችን ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ ወደ ደምበጫ ሄደን የሠራነውን ስናስታውስ፣ እንዲህ ያለውን ንግግር ለማድረግ አንደበታችን እንቢ አለን። ስለዚህ ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንድንናገር ይፈቀድልን።

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ መሆንዋን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለንም። አረቄዋንም በስም የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚሥቁት ጓደኞቻችን ምስክር ይሁኑን። ስለ መጠጡ ጉዳት ለመከራከር አልቆምንም፤ እርሱን ለሐኪሞች እንተዋለን። እኛን የሚመለከተን አረቄ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ነው። ብቅል፣ ጌሾና እህል የገባበት ድፍድፍ ከደረሰ በኋላ በማሰሮ ሆኖ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርድና እዚያ ሲቀዘቅዝ አረቄ ይሆናል። ውሃው ሲሞቅ መለወጥ አለበት፤ ያለዚያ እንፋሎቱ በከንቱ ይጠፋል። እሳቱ ሲያንስ ሥራው ይጓተታል፤ ሲበዛ ደግሞ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይገባና የተጠራቀመውን ሁሉ ያበላሻል። እንግዲህ ባለሙያዋ ቀኑን ሙሉ በጢስ ውስጥ ተቀምጣ በዓይንዋ ውሃውን፣ በጆሮዋ ማሰሮውን፣ በእጅዋ እንጨቱን ስትጠብቅ ትውላለች። በፋብሪካ ቢሆን ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች ይቀጠሩለት ነበር።

እኛ የሄድነው ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ለመሥራት ነው። ሥዕሉን ከዚህ ይዘን ሄድን። ምድጃው ዙሪያውን የተዘጋ፣ አፉ ጠባብ፣ ሙቀቱ ወደ ውጭ የማይባክን ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። አንዲት እናት ጓዳቸውን ፈቀዱልን። ጭቃ አቦክተን፣ ጡብ ደርድረን ጨረስንና አሳየናቸው። እርሳቸውም ዙሪያውን ተመልክተው፣ «ልጆቼ፣ አበጃችሁ። አፉ ግን ጠበበ። ሲገነፍልብኝ እሳቱን በምን አወጣዋለሁ?» አሉን። እኛም አፉ በሰፋ መጠን ሙቀቱ እንደሚባክን በትሕትና አስረዳናቸው። በትሕትና ያልነው እኛ ነን እንጂ እርሳቸው ምን ብለው እንደ ቈጠሩት አናውቅም። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብለው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እኛ የጻፍነው በመስማማት ነው፤ በሪፖርታችን ላይ «ተጠቃሚዋ ተደስተዋል» የሚል ቃል ይገኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብንመለስ ነገሩ እንደ ፈሩት ሆኖ ቈየን። ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ገብቶ የአንድ ቀን ድካማቸው ከነማገዶው ጠፍቷል። እርሳቸው ግን ምድጃውን አላፈረሱትም። አፉን በመጥረቢያ ጫፍ አስፍተው ከሰባራ ምጣድ አንድ ገጽ ወስደው መዝጊያ አበጅተውለታል። ሥራው ሲረጋ ይዘጉታል፤ ማሰሮው ድምፁን ሲለውጥ መዝጊያውን በእግራቸው ገፍተው እንጨቱን ይስቡታል። እኛ «ወይ ጠባብ ወይ ሰፊ» ብለን የተከራከርንበትን ነገር አንዲት የምጣድ ስባሪ ጨረሰችው። ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገሩንም ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ነገርኋችሁ እኮ» አሉን።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ «ሕዝባችን አዲስ ዐሳብ አያፈልቅም፣ የለመደውን አይለቅም» የሚለው ቃል በየክፍላችን ሲነገር ሰምተናል፤ ራሳችንም ብለነዋል። ከዚያ ጓዳ ስንወጣ ይህን ለመድገም አፈርን። ዐሳቡ ነበረ፤ ተነግሯልም። የጠፋው የሚሰማውና የሚመልስለት ነው። የዛሬው ነገራችን ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከጓዳ ወደ ቢሮ እንሻገር። በዚያው ክረምት አንድ ደብዳቤ ለማስፈረም በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ስንጠና ሰንብተናል። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን አንዱን አስቡ። በግድግዳው ላይ «የአስተያየት መስጫ» የተባለች ሣጥን ተሰቅላለች፤ ቁልፏ ዝጓል። ዘበኛውን ማን ይከፍታታል ብለን ብንጠይቀው፣ «መክፈቻውን የቀድሞው ኀላፊ ሲዛወሩ ይዘውት ሄደዋል» አለን። አልቀለደም።

በዚያ ቤት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የነገረን ነገር አለ። ባለጉዳይ ሲመጣ የሚሰጠው ወረቀት ቀን ብቻ የተጻፈበት ነው፤ ፋይሎቹ ግን የተደረደሩት በቍጥር ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል ለማግኘት ግማሽ ቀን ይጠፋል። ሰውዬው «በወረቀቱ ላይ የፋይሉ ቍጥር ይጻፍበት» ብሎ ለአለቃው አመለከተ። ወረቀት አይጨምር፣ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ሠራተኛ አያስቀጥር! የተሰጠው መልስ «እናየዋለን» የሚል ነበር፤ ይህም ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እርሱ እስከዚያው ከኪሱ ደብተር ገዝቶ ቀኑንና ቍጥሩን ጎን ለጎን እየጻፈ ራሱን ያድናል። ደብተሩን ከቢሮ አያሳድረውም፤ ፈቃድ ሲወጣም ይዞት ይሄዳልና ያን ጊዜ ባለጉዳይ «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። ዐሳቡ እንግዲህ አልሞተም፤ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ምሥጢር ሆነ እንጂ።

«እናየዋለን» የምትባለዋን ቃል ልብ በሉልን። እንቢ አይደለችም፣ እሺም አይደለችም። እንቢ ቢባል ሰውዬው ምክንያቱን ጠይቆ ዐሳቡን ያሻሽል ነበር፤ እሺ ቢባል ይሠራበት ነበር። «እናየዋለን» ግን ከሁለቱም ይከለክለዋል። በላይዋ ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንና «በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም» የሚለውን ምክር ስንጨምርበት፣ አንድ አዲስ ሠራተኛ በሥራ ዓለም የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ምናልባት ከመምህራኖቻችን መካከል «ለእያንዳንዱ ዐሳብ መልስ ልስጥ የሚል ኀላፊ ሥራውን መቼ ይሠራል? ከሚቀርበውም ውስጥ የሚበዛው የማይረባ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚበዛው የማይረባ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ ሳይሆን ከዚሁ ከጎጃም መልስ የሚሰጥ ቤት አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። የዋሸራና የጎንጅ ስም በአገሩ ሁሉ የተጠራው በቅኔ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቈጥር ይውልና ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቀርቦ የተቀኘውን ይናገራል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም፣ የጓደኛውንም ቢያመጣ አይቈጠርለትም፤ በየቀኑ አዲስ ነገር መውለድ ግዴታው ነው። የጀማሪው ቅኔ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ቤቱ ይሰበራል፣ ምሥጢሩ ይጠፋል። መምህሩ ግን «እናየዋለን» አይልም። እዚያው ያርመዋል፣ ይጥለዋል፣ ወይም ያመሰግነዋል። ተማሪውም የተጣለበትን ምክንያት ሰምቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የነበረው አገር «በሥራ ቦታ ፈጠራን ማበረታታት» ለሚባለው ነገር መድረሻው እንጂ መነሻው የጠፋበት አይደለም።

ከውጭ የመጣውንም አንንቅም። ጃፓኖች ካይዘን የሚሉት፣ ትርጓሜው ወደ ተሻለ መለወጥ የሆነው አሠራር፣ ወደ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን እርዳታ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። «አምስቱ ማ» የተባለውን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ የሚሄደውን ሥርዐት በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያላየ የለም። የብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ካይዘን ግን ወለል ላይ ቢጫ መሥመር ቀብቶ ዐረፈ። ይህ በእኛ ዓይን ያየነው ነው፤ ከዚያ አልፈው የሄዱም መኖራቸውን አንክድም።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። የቶዮታ ኩባንያ ሰዎች በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻግረው የፎርድን ፋብሪካ ጎበኙ። ካዩት ነገር አንዱ ሠራተኛ ዐሳቡን ጽፎ የሚያቀርብበት ሥርዐት ነበር፤ በ1951 በራሳቸው ፋብሪካ ጀመሩት። እንግዲህ እነርሱም ሣጥኑን ከሌላ የተዋሱ ናቸው! ልዩነቱ ሣጥኑ ላይ ሳይሆን ከሣጥኑ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። የሠራተኛው ዐሳብ ታይቶ መልስ ይሰጠዋል፤ ከተወሰደም ትንሽም ብትሆን ሽልማት አለችው። እንዲሁም በሥራው መሥመር አጠገብ ገመድ ተዘርግቷል፤ ስሕተት ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይስበዋል፤ አለቃው ወደ እርሱ ይመጣል፤ ነገሩ ካልተስተካከለ ሥራው ይቆማል። ባለማዕርጉ ወደ ሠራተኛው ይመጣል እንጂ ሠራተኛው ደጅ አይጠናም። ይህ ገመድ በእኛ አገር ቢዘረጋ ማን ደፍሮ ይስበዋል? እኛ በደምበጫ ጓዳ ገመዱ ሲሳብብን ምን አደረግን? ስሌት አስረዳን።

ነገሩን ወደ ራሳችን የምንመልሰው ስለዚህ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን ግማሾቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ እንይዛለን። ከእኛ በፊት ሃያ ዓመት የሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እጁን ከብረት ጋር ያስማማ መካኒክ፣ ወይም እንደ እኒያ እናት ያለች ባለሙያ የእኛን ፊት እያየች መናገርና አለመናገርን ትመርጣለች። ዲግሪያችን በዚያች ሰዓት ጆሮ ሳይሆን ግድግዳ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አይተናል። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ቸኩለን ነበር፣ ትክክልም ነበርን። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራን ትክክል መሆናችን ነው።

ማኅበራችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚመጣው የተግባር ልምምድ የሚወጣ እያንዳንዱ ቡድን በሪፖርቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ይጨምር። በዚያ ገጽ በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች ያቀረቡትን ዐሳብ፣ ቡድኑ የሰጠውን መልስ፣ ዐሳቡ ካልተወሰደም ምክንያቱን ይጻፍ። መምህራኖቻችንም ያን ገጽ ከሥዕሉና ከስሌቱ እኩል ማርክ እንዲሰጡት እንለምናለን፤ ማርክ የሌለው ነገር በእኛ ዘንድ እንደማይሠራ እነርሱም እኛም እናውቃለን። በዚሁ ግቢ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተሰቀለችውንም ሣጥን ትናንት ለዚህ ንግግር ስንል አስከፍተናት ነበር። አሥራ አንድ ወረቀት ወጣ፤ ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ስለ መብራት ናቸው፤ አንደኛው የተጻፈው አሁን ተመርቆ በሄደ ተማሪ ነው። መልሱ ለሌሎቹ አሥሩ በሚቀጥለው እትም በዚህች ጋዜጣ ይወጣል፤ ይህን የሚጽፉ ሁለት ጓደኞቻችን ትናንት ማታ ተመርጠዋል።

ከደምበጫ ስንሰናበት እኒያ እናት እስከ በር ሸኝተውን፣ «ሥዕሉን አስተካከላችሁት ወይ? ለሌላዋም ቤት ያንኑ ጠባቡን እንዳትሠሩባት» ብለውን ነበር። እናስተካክላለን ብለን ሄድን። ትናንት ፋይሉን አውጥተን ብናይ ሥዕሉ አልተነካም፤ አፉ እንደ ጠበበ ነው። በዚህ ሳምንት መዝጊያው ተጨምሮበት እንደገና ይሣላል፤ አንድ ቅጂም ለእርሳቸው ይላካል። በሥዕሉ ግርጌ የሠሪ ስም በሚጻፍበት ቦታ የማን ስም እንደሚሰፍር ግን እስካሁን በመካከላችን ክርክር አለ፤ ከአምስታችን ሦስቱ የእርሳቸው ስም ይጻፍ እንላለን።