ኑዛዜን ለመቃወም መብት ያለው ማን ነው?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ የቀረበ ንግግር)



እኔ ባለ ሱቅ ነኝ፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስለ ውርስ እንድናገር ኮሚቴው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ እሺ አልኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረጅም ዘመን እዚህ የኖረ አንድ ወዳጃችን አረፈ። ሚስትም የወለደው ልጅም አልነበረውም። የሞተ ጓደኛውን ልጅ ግን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በቤቱ አሳድጎ ኮሌጅ አስገብቶታል። ኑዛዜው ሲነበብ ቤቱም ሱቁም አገር ቤት ላለች እኅቱ ሆነ። ለካ የተጻፈው ልጁ ወደ ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ሰውዬው ዛሬ ነገ ሲል ሳያድሰው ቀረ።

ልጁ ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ ምንም ማለት አልችልም?» አለኝ። «የአብራኩ ክፋይ አይደለህም፤ ኑዛዜ ደግሞ ኑዛዜ ነው፤ ዝም በል» አልኩት። የእድሩ ሽማግሌዎችም እንደኔው አሉት። ዝም አለ።

ተሳስተን ነበር። የኬንያ የውርስ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አንቀጽ 29 ላይ የሟች ጥገኞችን ይዘረዝራል። የትዳር ጓደኛና ልጆች ሟች ይርዳቸውም አይርዳቸው ይገባሉ። ወላጆች፣ አያቶች፣ የልጅ ልጆች፣ የእንጀራ ልጆች፣ ወንድምና እኅት፣ እንዲሁም ሟች እንደ ልጁ አድርጎ ወደ ቤተሰቡ ያስገባው ልጅ፣ ሟች እስኪሞት ድረስ ይረዳቸው ከነበረ ይገባሉ። እነዚህ ኑዛዜው ሐሰት ነው ማለት አይጠበቅባቸውም። «ኑዛዜው ልክ ነው፤ ለእኔ ግን በቂ ድርሻ አልተወልኝም» ብለው በአንቀጽ 26 ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ።

ኑዛዜው ራሱ ይፍረስ የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ተገዶ ነው፣ አእምሮው ልክ አልነበረም፣ ሁለት ምስክር አልነበረም የሚል ሰው በንብረቱ ላይ ጥቅም ያለው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ኑዛዜው ባይኖር ኖሮ የሚወርስ። ጎረቤት ወይም የእድር ጓደኛ፣ ቢያዝንም፣ አይገባበትም። እንደኔ በዱቤ ዕቃ የሰጠ ሰው ዕዳውን ከንብረቱ ይጠይቃል እንጂ ስለ ዱቤው ብሎ የሟችን ኑዛዜ አያፈርስም። (አገር ቤት አባት ልጁን ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ አለበት፤ እዚህ ያንን ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም።) ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በሸሪዓ ስለሚወርሱ ይህ ሕግ አይመለከታቸውም።

ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ማመልከቻው በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ለተቃዋሚ ይሰጣል። ከዚያ ንብረቱን የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጥና፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ቆይቶ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ የጥገኛ ጥያቄ አይቀርብም። ሥልጣኑ በማጭበርበር ወይም ዋና ነገር ተሸሽጎ የተገኘ ከሆነ መቼም ቢሆን እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ እኅቲቱ ግን ምንም አልሸሸገችም፤ እሷን አልወቅስም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ቡና ሊገዛ ከመጣ ጠበቃ ደንበኛዬ ነው። ደስ ብሎኝ ልጁን ይዤው ሄድኩ። ጠበቃው መዝገቡን አስወጥቶ አየና፣ «ከጸደቀ ሦስት ሳምንት ሆነው» አለን።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እባካችሁ እኛ ሽማግሌዎች መልስ አንስጥ፤ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ዘንድ እንውሰዳቸው። ልጁ ኮሌጁን አቋርጦ አሁን እኔ ሱቅ ይሠራል። ከኋላ ተቀምጧል፤ ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል።