የአሠራር ደንብና ተቆጣጣሪው
ስለ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ደኅንነት በጅግጅጋ ከተማ የተደረገ ንግግር



በዚህ ርእስ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በሌለ ቧንቧ ላይ ምን ደንብ ታወራለህ?» ብሎ ሣቀብኝ። አልተሳሳተም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ የሽንሌን ሜዳ አቋርጦ ወደ መሐል አገር የሚዘልቅ የነዳጅ ቧንቧ እስከ ዛሬ አልተዘረጋም። የእኛ ቧንቧ ጎማ ያለው ነው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን ካቆመና በማግሥቱም ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ አገሪቱ የምታቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ በአብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ፥ ወይም የካራማራን ቁልቁለት ፍሬኑ የጋለ ቦቴ ከኋላው እየተከተለው የወረደ ሰው፥ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የቧንቧው አሳብ ከወረቀት ላይ ጠፍቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ ዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፥ ውፍረቱ 20 ኢንች የሆነ፥ በቀን እስከ 240,000 በርሜል የሚያስተላልፍ ቧንቧ እንዲሠራ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የካሉብንና የሂላላን ጋዝ ወደ ባሕር የሚያወጣ፥ 767 ኪሎ ሜትር ርዝመት የታሰበለት መሥመር በሁለቱ መንግሥታት መካከል ተፈረመበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የኩባንያው ውል ተቋረጠ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚሁ ክልል ድፍድፍ ዘይት ለሙከራ ሲወጣ በቴሌቪዥን አይተናል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል፥ ለጎዴ ማጣሪያም የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ማጣሪያ ያለ ቧንቧ አይኖርም። እንግዲህ እኔን የሚያሳስበኝ የቀደም ተከተሉ ነገር ነው። ብረቱ ቀድሞ ተቀብሮ ተቆጣጣሪው ኋላ የመጣ እንደ ሆነ፥ ተቆጣጣሪው የሚያየው አፈር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለምን ዓይነት ነገር እንደምንነጋገር በቍጥር ላሳያችሁ። የ20 ኢንች ቧንቧ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመቱ ውስጥ ወደ 190,000 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ይህ ከአራት ቦቴ ጭነት ይበልጣል። ናፍጣን ከባሕር ጠረፍ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ለማውጣት፥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃ ሳይታሰብ፥ 80 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ ከቦቴው ጎማ ግፊት አሥር እጥፍ ያህል ማለት ነው። ፓምፑ ሲቆም ያ ሁሉ ፈሳሽ ተመልሶ በዝቅተኛው ቫልቭ ላይ ይጫናል። ቫልቩም በድንገት ከተዘጋ የተገታው ፈሳሽ እንደ መዶሻ ይመታል። ይህን ሁሉ የሚገዛው የብረቱ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ በቁጥጥር ክፍል ውስጥ በሌሊት ተረኛ ሆኖ የተቀመጠ አንድ ሰው እጅም ነው። ያ እጅ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ጽሑፍ የአሠራር ደንብ ይባላል።

በዚህ ረገድ ረዥም ልምድ ያላት አሜሪካ የአደገኛ ፈሳሾች ቧንቧ ደኅንነት ሕግን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከሕጉ ተከትሎ የመጣው ደንብ ብልኀቱ እንዲህ ነው፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቧንቧ መመሪያ አይጽፍም። ባለ ቧንቧው ራሱ ይጻፍ፥ የጻፈውንም ይከተል ይላል። መጽሐፉ በየዓመቱ፥ ቢዘገይ ከ15 ወር ባልበለጠ ጊዜ፥ ተመርምሮ ይታደሳል። ቧንቧው የተቀበረበት መሥመር በዓመት ቢያንስ 26 ጊዜ፥ በየመካከሉ ከሦስት ሳምንት በማይበልጥ ጊዜ፥ መታየት አለበት። ከባድ አደጋ መድረሱ ከተረጋገጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ይነገራል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ የጻፍኸው በቂ ነውን? የጻፍኸውንስ ፈጽመሃልን? በመጀመሪያው ጥያቄ የወደቀ መጽሐፉን እንዲያርም ይታዘዛል፤ በሁለተኛው የወደቀ ማስጠንቀቂያ፥ የገንዘብ ቅጣት፥ ከዚያም ካለፈ ግፊቱን እንዲቀንስ ወይም መሥመሩን እንዲዘጋ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሰው በገዛ ቃሉ ይያዛል ማለት ነው፤ እንደ እኛ አገር ዋስትና።

ታዲያ ይህ ሁሉ ባለበት አገር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 በሚቺጋን፥ ማርሻል በምትባል ከተማ አጠገብ የሆነውን ተመልከቱ። የ30 ኢንች ድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ተሰነጠቀ። በቁጥጥር ክፍሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ይጮኽ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1991 በሌላ ቦታ ከደረሰበት መፍሰስ በኋላ ለራሱ የጻፈው ደንብ ነበረው፤ የግፊቱን መውደቅ ምክንያት በ10 ደቂቃ ውስጥ ለማስረዳት ካልተቻለ ይዘጋ የሚል። ተረኞቹ ግን በቧንቧው ውስጥ ባዶ ክፍተት ተፈጥሯል ብለው አሰቡ፤ ፓምፑንም ሁለት ጊዜ መልሰው አስነሡ። ተረኛ ተለወጠ፥ ሌሊቱ ነጋ፥ የ10 ደቂቃው ደንብ 17 ሰዓት ሆነ። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ፤ አብዛኛውም የፈሰሰው ፓምፑ እንደገና በተነሣባቸው ጊዜያት ነው። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች በመጀመሪያው ማታ ስለ ሽታው ስልክ ደውለው ነበር። ለኩባንያው መፍሰሱን ያረጋገጠለት ግን መሣሪያው ሳይሆን የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ነው። መንግሥት የጣለው ቅጣት 3.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ ለማጽዳት የወጣው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በለጠ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፥ ቤሊንግሃም በምትባል ከተማ ወደ 900,000 ሊትር ቤንዚን ወደ ወንዝ ፈስሶ ተቀጣጥሎ ሦስት ልጆችና ወጣቶች ሞተዋል፤ ቧንቧው ከዓመታት በፊት በቁፋሮ ተጎድቶ ሳይጠገን የቆየ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ስሙን በማልጠራው አንድ የነዳጅ ማራገፊያ ውስጥ እሠራ ነበር። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ነው እላለሁ። ቦቴው ከመራገፉ በፊት የመሬት ሽቦው ይታሰራል፥ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፥ ጋኑ በመለኪያ ዘንግ ይለካል፥ ቫልቮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፥ ከዚያ መዝገቡ ላይ ይፈረማል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ፈጸምሁ። በሦስተኛው ወር ግን ቦቴዎች በፀሐይ ተሰልፈው፥ ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ፥ አለቃዬም ሰዓቱን እያየ፥ እኔ የሰኞ ጧት ተቀምጬ እስከ ቅዳሜ ያለውን ገጽ እፈርም ጀመር። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጣ። መዝገቡን ገለጠ፥ ፊርማው የተሟላ መሆኑን አየ፥ ሻይ ጠጣ፥ ሄደ። የሐሙሱ ገጽ ማክሰኞ ዕለት ተፈርሞ መገኘቱን ልብ አላለውም፤ ወይም ብሎት ይሆናል።

ከሳምንታት በኋላ በአንድ ምሽት ታይቷል ተብሎ የተፈረመበት ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ጋኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ናፍጣው ከአጥሩ ሥር ወጥቶ በቦዩ ሲወርድ የሠፈር ልጆች ጀሪካንና የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አንዲት እናት ፋኖስ ይዛ ልጇን ልትፈልግ መጣች። ፋኖሱን አስታውሳለሁ። ናፍጣ በመሆኑ ነው እንጂ፥ ከጎኑ ያለው ጋን ቤንዚን ነበር። ስለዚያ ምሽት የተጻፈ ዘገባ የለም፤ ምክንያቱም ዘገባ ቢጻፍ ቫልቩን መቼ እንዳየሁት መናገር ነበረብኝ።

ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ዕለት፥ መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ሲናይ በሚባለው የድኾች ሠፈር የሆነውን ስሰማ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከመንግሥት የቧንቧ ድርጅት ማከማቻ ያመለጠ ቤንዚን በዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ገብቶ ወደ ሠፈሩ ወረደ፤ ሰዎች ሊቀዱ ወጡ፤ እሳት ተነሣ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያ ቦዩን ተከትሎ የወረደው ነዳጅ፥ እዚህ ቢሆን በምን ይወርዳል ብዬ አስቤአለሁ።

በሽንሌ፥ በኤረር፥ በአይሻ በኩል ያለፈ ሰው መልሱን ያውቃል። ወንዞቹ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ደረቅ አሸዋ ናቸው፤ ውሃው ከአሸዋው ሥር ነው። ሕዝቡና ከብቱ የሚጠጣው ያንን አሸዋ ቆፍሮ ነው። አሁን ቍጥሩን ልብ በሉ። በፍሰት ሚዛን የሚሠራ የመፍሰስ መለያ መሣሪያ ከጠቅላላው ፍሰት አንድ በመቶ የሚያህለውን ለማስተዋል ይቸገራል። በቀን 240,000 በርሜል ከሚያስተላልፍ ቧንቧ አንድ በመቶ ማለት በቀን ከ380,000 ሊትር በላይ ነው። ይህን ያህል ናፍጣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እየሰረገ ሳለ፥ በቁጥጥር ክፍሉ ሰሌዳ ላይ መሥመሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ የሚያውቀው ግመሉ ውሃውን አልጠጣም ያለበት እረኛ ነው።

እንግዲህ እረኛው ስልክ ይደውላል፤ ዛሬ ስልክ አለው። ማን ያነሣለታል? በምን ቋንቋ? ያነሣውስ ሰው ፓምፑን የማስቆም ሥልጣን አለው ወይስ «ለበላይ አሳውቃለሁ» ይላል? ማርሻል ላይ ስልክ ተደውሎ ነበር። የአሠራር ደንቡ ይህን በስም፥ በሰዓትና በቋንቋ ካልመለሰ፥ ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ሊጥለው ይገባል። በሶማሊኛ ያልተጻፈ፥ በሶማሊኛም ያልተለማመዱት የአደጋ ጊዜ ደንብ በዚህ ምድር ላይ ግማሽ ደንብ ነው። ይህን የምለው ሶማሊኛዬ የገበያ ሶማሊኛ ብቻ የሆነ እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቻችን ይስቁብኝ።

ሕግ የለንም አልልም። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 አለ፤ ዋና ጉዳዩ ፍለጋና ማምረት ነው። በ2006 ዓ.ም. የነዳጅ አቅርቦትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 838 ወጣ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ነገር ግን ነዳጅ ለማን ደረሰ፥ በስንት ተሸጠ፥ ወደ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ስንቱ ሾለከ የሚለው ጥያቄ የተቆጣጣሪዎችን ቀን ሁሉ ይበላዋል። ስርቆትን መያዝ ይታያል፥ ይመሰገናልም። ያልፈነዳ ቫልቭ ግን ማንንም አያስመሰግንም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ የመዝጋት ሥልጣን ነው። አገሪቱ በአንድ ቧንቧ የምትተነፍስ ብትሆን፥ ከጅግጅጋ የተላከ አንድ ወጣት መርማሪ ያንን ቧንቧ ሊዘጋ ይደፍራልን? ባለንብረቱም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ሲሆንስ? እኔ አይደፍርም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በመክፈትና በመዝጋት መካከል ያለ ሥልጣን መኖር አለበት። በአሜሪካ የተለመደው ትእዛዝ የመሥመሩ ግፊት ወደ 80 በመቶ ዝቅ ብሎ ምክንያቱ እስኪታወቅ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ነዳጁ አይቋረጥም፥ ባለ ቧንቧው ግን በየቀኑ ገቢው ይጎድልበታል፤ ለጥገናውም ይፈጥናል። ይህን ትእዛዝ መርማሪው በራሱ ፊርማ፥ አዲስ አበባ ሳይደውል፥ መስጠት መቻል አለበት። ትእዛዙ ያለ አግባብ ነው የሚል ባለ ቧንቧ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይከራከር።

መርማሪው ሲመጣም መዝገቡን ሳይሆን ቫልቩን በመጀመሪያ ይይ። ማክሰኞ ዕለት የሐሙስን ገጽ ይጠይቅ። ተፈርሞ ካገኘው፥ ፈራሚው እንደ እኔ ያለ ወጣት መሐንዲስ ይሆናልና፥ እርሱን ከመቅጣቱ በፊት ስንት ቦቴ በሰልፍ እንደ ነበረና ተረኞቹ ስንት እንደ ነበሩ ይቍጠር። ያ ቍጥር በዘገባው ውስጥ ካልገባ ቅጣቱ የሚያርፈው በፈራሚው ላይ ብቻ ነው፤ ሰልፉን የፈጠረው አይነካም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የካሉብን ፈሳሽ ጋዝ በቦቴ ወደ ሰሜን የሚያመጣው አስፋልት በደገሐቡርና በዚህችው በጅግጅጋ ያልፋል፤ ይህ ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ የሚጓዘው ከዜሮ በታች በ162 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው። ቧንቧው እስኪመጣ ሳንጠብቅ፥ ለዚህ ጉዞ የሚሆን የአደጋ ጊዜ ደንብ ከሾፌሮቹ፥ ከከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከዚህ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ በአማርኛና በሶማሊኛ የሚያረቅቅ አምስት ሰው እንዲመረጥ እጠይቃለሁ። ከአምስቱ አንዱ እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። ረቂቁም በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ላይ ይውጣ፤ ጉድለቱን ሰው ሁሉ እንዲያየው።