የፓተንት ብዛትና የፓተንት ጥንካሬ፦ ከጤፍ ወደ እንሰት

(በወልቂጤ ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ)



በየዓመቱ የሚወጡት የፈጠራ ሠንጠረዦች ኩባንያዎችን በፓተንት ቁጥር ያሰልፋሉ። አይ.ቢ.ኤም. በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2021 ለ29 ተከታታይ ዓመታት ቀዳሚ ነበረ፤ በ2022 ሳምሰንግ ቀደመው። ቁጥሩ የኩባንያውን አቅም ይናገራል። የእያንዳንዱ ፓተንት ጥንካሬ ግን የሚታወቀው ተከራካሪ ተነሥቶ ፍርድ ቤት ሲፈትሸው ነው። ለዚህ ከጤፍ የቀረበ ምስክር የለንም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በጤፍ አጠቃቀምና በጥቅም ክፍፍል ላይ ውል ፈረመ። ውሉ በዘመኑ በአርአያነት ይጠቀስ ነበር። በ2007 ኩባንያው በአውሮፓ የጤፍ ዱቄትን የሚመለከት ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ውሉ ለማያስረው ሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ ኢትዮጵያ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነው።

ለመሆኑ «ፈጠራው» ምን ነበር? በአጭሩ፣ ጤፉን ከአጨዳ በኋላ ለሳምንታት አቆይቶ መፍጨትና ለመጋገር የሚመች ዱቄት ማውጣት ነው። ጤፍ በጎተራ አቆይታ የምታስፈጭ የቡታጅራ እናት ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል ለእናንተ ልተወው። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የፈጠራ ብልኀት የለውም ሲል የሆላንዱን ፓተንት ሻረ። ይሁንና ሙግቱ በሁለት ኩባንያዎች መካከል እንጂ ኢትዮጵያ ተከራካሪ የሆነችበት አልነበረም። ድሉን የራሳችን አድርገን ማውራታችን ትንሽ ያሳፍራል።

አሁን ወደ እንሰት እንምጣ። በጉራጌ እንሰቱን መፋቅ፣ ማብላላት፣ ቡላውንና ቃጫውን መለየት የእናቶች ሙያ ነው፤ አብዛኛውም በቃል የሚተላለፍ ነው። የውጭ አገር የፓተንት መርማሪ ደግሞ በዋናነት የሚያስሰው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ለእርሱ እንደሌለ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ የቆየውን ሙያ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መንፈስ፣ ማኅበረሰቡን አስቀድሞ አስፈቅዶ መመዝገብና ማሳተም ይገባል።

የራሳችሁ የሆነው አዲስ ነገር ግን በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። አንድ ተማሪ ጉልበት የሚቆጥብ የእንሰት መፋቂያ ቢሠራ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለፓተንት ፈጠራው አዲስ፣ ብልኀት ያለውና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። የብልኀቱ መስፈርት ለከበደው የአነስተኛ ፈጠራ ምዝገባ አለለት፤ ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሆኖ ለሌላ አምስት ይታደሳል። ፓተንቱ በበኩሉ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ አምስት ዓመት ይጨመርለታል። የእንሰቱ ዝርያ ራሱ ግን ፓተንት አይሰጥበትም።

የመመረቂያ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት መቀመጡ ወይም ናሙናው በዐውደ ርእይ መታየቱ የአዲስነትን መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም በዚህ ዓመት መሣሪያ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ጽሑፋችሁን ለጥራዝ ከመላካችሁ በፊት ማመልከቻውን ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስገቡ።