የአልቤርቶ ፕራሶ ወረቀቶችና የዩብዶ ፕላቲን



ከእሪ በከንቱ ዳገቱን ወጥቶ ፒያሳ የደረሰ ሰው ለብዙ ዘመን ወርቅ ቤቶችን ተደርድረው ያገኝ ነበር። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የአንጥረኛው ከሰልና ወናፍ ይበቁታል። ፕላቲን ግን 1768 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ወናፍ አያሸንፈውም። በዚህም ምክንያት ከዚያው ከወለጋ የሚወጣው ፕላቲን በአራዳ ምድጃ ጌጥ ሊሆን አልቻለም።

የዩብዶ ፕላቲን ከኢጣሊያዊው ማዕድን ፈላጊ ከአልቤርቶ ፕራሶ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ፕራሶ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ወርቅ ሲፈልግ የኖረ፣ የማዕድን ፈቃድ ያገኘ፣ ስሙም ለአንድ የማዕድን ኩባንያ መጠሪያ የሆነ ሰው ነው። ፕላቲኑ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በብርብር ወንዝ አጠገብ ተገኘ። እናት ድንጋዩ ዱናይት ነው፤ ይኸው ድንጋይ በዝናብና በሙቀት በስብሶ ቀይ አፈር ሲሆን ከባዶቹ ቅንጣቶች በአፈሩና በወንዙ ደለል ውስጥ ይቀራሉ። አፈሩ በውሃ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፤ ፕላቲኑ ከሥር ይዘቅጣል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ለቆመው ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1927 የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በዚያ የሚገኘውን ሌላ ድንጋይ በወንዙ ስም «ብርብራይት» ብለው ሰየሙት።

የፕራሶን ሕይወት የሚመለከቱ ጽሑፎችና ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1939 ሮም ላይ ተሰብስበው ታተሙ። ዓመተ ምሕረቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አዲስ አበባ ከተያዘች ሦስት ዓመት መሆኑ ነበር። በዚያ ወቅት የታተመ መድበል ማዕድን ፈላጊውን የወረራው ቀዳሚ መንገድ ጠራጊ አድርጎ ለማሳየት ምክንያት አያጣም። ስለዚህ ፕራሶ ራሱ የጻፈውን አሳታሚው ከመረጠውና ካስቀረው ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ቢሆንም ቅሉ የታሪክ ምሁራን ያን ዘመን ሲያጠኑ ወደዚሁ ወረቀት ይመለሳሉ፤ ጠረፍ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ አልጻፈምና።

ድንጋዩ በወንዙ፣ ኩባንያው በፈላጊው ስም ተጠራ። አፈሩን ያጠቡት የብርብር ሰዎች ስም ግን በጂኦሎጂ መጻሕፍት አይገኝም። የኋለኞቹ ቀያሾችና መሐንዲሶች የመስክ ደብተሮችም በየቤቱ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ እንደታየው ደግሞ ቤት ይፈርሳል። ከአባላት መካከል የአባቱን ወይም የአለቃውን ደብተር የያዘ ቢኖር፣ በተለይ የቀን ሠራተኞች ስምና ደመወዝ የተመዘገበበትን፣ ቅጂውን ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ይለመናል።