በጋቢና ሥር ያለ ሞተር፦ በላስታ ዳገት ሙቀትንና ድምፅን ስለ መከላከል



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ያለ መድረክ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ከተማ በሚወጣ ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከእግሩ ሥር ስለሚሰማው ትኩሳትና ጆሮውን ስለሚሞላው ጩኸት ነው የምናገረው። በአውሮፓ ቤታቸውን መኪና ላይ ሠርተው የሚዞሩ መንገደኞች ይህንኑ ችግር ለመቀነስ ብዙ ይደክማሉ፤ ለእነርሱ ጉዳዩ በአመዛኙ የዕረፍት ጉዞ ምቾት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሾፌሩ በዚያ ጋቢና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ከኋላው ደርዘን የሚያልፍ ሰው ጭኗል፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ገደል አለ። የደከመና ጆሮው የደነዘዘ ሾፌር ለማን አደጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በገና ሰሞን ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ ቤተ ማርያም ሲጎርፉ ይህ ምልልስ ስንት እጥፍ እንደሚሆንም ታውቃላችሁ።

የችግሩ መነሻ የመኪናው አሠራር ነው። በተለምዶ ‹ዶልፊን› እና ‹አባዱላ› የምንላቸው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተራቸው የሚገኘው ከፊት መቀመጫዎች ሥር ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪናም ጋቢናው በሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። በዚያው ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ የሚሠራለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ደግሞ ሞተሩን ከሰው የሚለየው በአንድ ክዳን ብቻ ነው። ንድፉ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ሞተሩ ሥር ሲገባ ለሰውና ለዕቃ ቦታ ይተርፋል፣ መኪናውም አጥሮ በጠባብ መታጠፊያ በቀላሉ ይዞራል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሃይኤስ ትውልድ ሞተሩን ወደ ፊት ገፍቶ አጭር አፍንጫ ሠርቶለታል። በእኛ መንገድ ላይ የሚበዛው ግን የቀድሞው ነው፤ ስለዚህ የምንነጋገረውም ስለ እርሱ ነው።

አሁን ዳገቱን እናስላው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,950 ሜትር፣ ከተማው ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ይገኛሉ። ከነጭነቱ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን 550 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ የጎማንና የነፋስን መጎተት ሳንቆጥር፣ 16 ሜጋጁል ያህል ሥራ ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ሲሦውን ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ የዚህ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 32 ሜጋጁል፣ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጉዞው 40 ደቂቃ ቢፈጅ በአማካይ 13 ኪሎዋት መሆኑ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ አራት ምጣድ ያህል ከመቀመጫ ሥር ተጥዶ ዳገቱን ይወጣል ማለት ነው። አብዛኛው በራዲያተርና በማርሚታ በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እኛን የሚያሳስበን ወደ ጋቢና የሚዞረው ጥቂቱ ነው።

ከፍታው ነገሩን ያባብሰዋል። በ2,500 ሜትር የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከወልድያ በድልብ በኩል ወጥተው ወደ ጋሸና ሲደርሱ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሾፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ይጮኻል። ፋኑ የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ውኃም በላሊበላ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊት ጨምሮ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው ያለቀበት ክዳን ግን አያደርሰውም። አንዳንድ ሾፌሮች ሞተሩ ሲግልባቸው የጋቢናውን ማሞቂያ እንደሚከፍቱ ታውቃላችሁ። ለሞተሩ ትክክለኛ ርዳታ ነው፤ ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ጊዜ የማየው መፍትሔ ክዳኑ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ወይም ብርድ ልብስ አጥፎ መደረብ ነው። ሠራተኛው ሙቀትንም ድምፅንም በአንድ ጊዜ ያስቆምሁ ይመስለዋል። እኔ የምለው፣ ሙቀትና ድምፅ ሁለት የተለያዩ መንገደኞች ናቸው፤ አንዱን የሚያስቆም ቁስ ሌላውን ያሳልፋል። ሁለቱ የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዳዳ ይወዳሉ።

ስፋቱ 0.6 ካሬ ሜትር የሆነ የላሜራ ክዳን አስቡ። ከሥሩ ያለው አየር 90 ዲግሪ፣ ጋቢናው 25 ዲግሪ ይሁን። ባዶው ላሜራ ከሁለቱም በኩል ካለው የአየር ሽፋን ጋር 195 ዋት ያህል ያሳልፋል። ሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የሱፍ ዓይነት መከላከያ ስንደርብበት ወደ 56 ዋት ይወርዳል። ሁለት ሴንቲሜትር ብንጨምር 33 ዋት ይሆናል። የመጀመሪያው ሁለት ሴንቲሜትር 139 ዋት ሲያስቀር፣ ተከታዩ ያስቀረው 23 ዋት ብቻ ነው። ውፍረት እየደራረቡ መሄድ ቶሎ ትርፉ ይጠፋል። አሁን ደግሞ በክዳኑ ጠርዝ ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀበት፣ በማርሹ ዱላ ዙሪያም የተቀደደበት ስፍራ በድምሩ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆንና ሞቃቱ አየር በሰከንድ 2.5 ሜትር ቢወጣበት፣ በሰከንድ አምስት ሊትር ይገባል። ይህ አየር፣ የከፍታውን መሳሳት ቆጥረንለት እንኳ፣ ከ230 ዋት በላይ ይዞ ይመጣል። ከባዶው ላሜራ ይበልጣል! ከክብሪት ቀፎ በማይሰፋ ቀዳዳ የሚገባው ሙቀት በመላው ክዳን ከሚያልፈው ከበለጠ፣ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ስፖንጅ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በዚያ ላይ ጭስ አለ። ከተሰነጠቀ ማርሚታ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሾፌሩ ድካም ብሎ የሚጠራው ራስ ምታት አንዳንዴ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ የሙቀት መንገድ አለ፤ ጨረር። ዳገት ላይ የሚሠራ ሞተር የጭስ መውጫው ብረት 400 ዲግሪ ሲደርስ በካሬ ሜትር ወደ 10 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት በጨረር ይለቃል፤ ይህን የሚያቆመው የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ገጽ ነው፤ ከሚደርስበት ጨረር አብዛኛውን ይመልሳል። ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን አይሠራም። ከፊቱ ክፍት አየር ሊኖር ይገባል፤ ብረት ከነካ በንክኪ ያስተላልፋል። ንጹሕም መሆን አለበት፤ አቧራና ዘይት የለበሰ አሉሚኒየም እንደማንኛውም ጥቁር ላሜራ ነው። የላስታን አቧራ ለምታውቁ የጽዳቱን ነገር አልደግመውም።

አሁን ወደ ድምፅ እንሂድ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ መቶ ጊዜ ይተኩሳል፤ ዋናው ጉርምርምታ 100 ኸርትዝ ነው። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ስፖንጅ ለዚህ ሞገድ የለም ያህል ነው። ስፖንጅ የሚመጥጠው ከፍ ያለውን፣ የብረት መንቃጨሉንና ፉጨቱን ነው፤ ይህም አይናቅም፣ ጆሮን የሚያደክመው አንዱ እርሱ ነውና። ድምፅን የሚያግደው ግን ክብደት ነው። የአንድ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ድምፅ በስድስት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የአንድ ሚሊሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 7.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ስፖንጁ የሚጨምርለት ግማሽ ኪሎ ሲሆን ለውጡም ግማሽ ዴሲቤል ነው። በካሬ ሜትር አምስት ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ጎማ ብንደርብ ግን ከአራት ዴሲቤል በላይ እናተርፋለን፤ ለክዳናችን ሦስት ኪሎ ጎማ መሆኑ ነው። በጎማውና በላሜራው መካከል ለስላሳ ሱፍ ካስገባን ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ትርፉ ይበልጣል። ለሥራ ጤና የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አራት ዴሲቤል መቀነስ የሾፌሩን የደኅንነት ሰዓት ከእጥፍ በላይ ያራዝመዋል።

ቀዳዳ እዚህም ንጉሥ ነው። 30 ዴሲቤል የሚያስቀር ክዳን ከስፋቱ አንድ መቶኛው ክፍት ከሆነ 20 እንኳ አያስቀርም።

ተማሪዎች ሙቀትና ድምፅ ለየቅል መሆናቸውን እንዲይዙልኝ ስፈልግ የላስታን ቤት እጠቅሳለሁ። በላሊበላ ክብ ሆነው በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ፎቅ ቤቶች አይታችኋል። የሣሩ ክዳን በሰንበሌጡ መካከል የቆመ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን ይከላከላል፤ ድምፅ ግን በቀላሉ ያልፈዋል። የድንጋዩ ግድግዳ ተቃራኒው ነው፤ ድምፅን በክብደቱ ያግዳል፣ ሙቀትን ግን አይከለክልም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ቀትር ላይ የሚሰማን ቅዝቃዜ ድንጋዩ መጥፎ አስተላላፊ ስለሆነ የመጣ ሳይሆን ብዛቱ የቀኑን ትኩሳት ውጦ ስለሚያስቀረው ነው። መኪና ያን ያህል ድንጋይ አይሸከምም። ስለዚህ ሣሩንና ድንጋዩን አሳጥረን፣ ሱፍና ጎማ አድርገን እንደራርባለን።

ሱፉ ከየት ይምጣ? ከውጭ የሚገባው የድንጋይ ሱፍ እጅግ ተስማሚ ነው፤ አይነድም። የሚሠራውም ባዛልት ቀልጦ እንደ ጥጥ ሲፈተል ነው። የላስታ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ክምር ሆነው ሳለ ሱፉን በመርከብ ማምጣታችን ይገርመኛል፤ እርግጥ ማቅለጫው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ይጠይቃል፣ የቀላል ወርክሾፕ ሥራ አይደለም። ቅርብ ያለው የበግ ጠጉር ነው። ባና የሚሠራበት ጠጉር ሙቀትን በመከላከል ከፋብሪካ ሱፍ ብዙም አያንስም፤ እሳት ሲነካውም እንደ ስፖንጅ ቀልጦ ከመንጠባጠብ ይልቅ ይከስላል። ዘይትና ውኃ መምጠጡ ግን ጉድለቱ ነው። ስለዚህ የጠጉር ንጣፍ ክዳኑ ላይ በጋቢናው በኩል፣ በጨርቅ ተሰፍቶ እንዲቀመጥ እመክራለሁ፤ በሞተሩ በኩል ፈጽሞ አይግባ። የወንበር ስፖንጅን በተመለከተ ደግሞ መለሳለስ አልፈልግም፦ ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ከጭስ መውጫው አጠገብ መለጠፍ መኪናው ውስጥ ማገዶ መከመር ነው። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ብታዩ ዝም አትበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቀናተኞች። ክዳኑን ደፈንሁ ብላችሁ የሞተሩን አየር መተንፈሻ እንዳትዘጉ። ከላይ የዘጋነው ሙቀት በሥርና በኋላ መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ጋቢናውን አቀዝቅዘን ሞተሩን እናፈላለን፣ በድልብ ዳገት ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

በተግባር የሚሠራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። መጀመሪያ የማርሚታው ስንጥቅ ይበየዳል፣ የክዳኑ ጎማ ይለወጣል፣ የክዳኑ መቆለፊያም ጎማውን አጥብቆ እንዲጫን ይስተካከላል። ቀጥሎ የሚንቀጠቀጠው ላሜራ መካከሉ ላይ የሬንጅ ንጣፍ ይለጠፍበታል፤ ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፣ ሲሦው እንኳ ንዝረቱን በደንብ ይገታል። ከዚያ ሱፉና ከባዱ ጎማ በጋቢናው በኩል፣ አሉሚኒየሙ በሞተሩ በኩል ይገባሉ። ከጎማውና ከመቆለፊያው አልፈን መሄድ የማንችልበት መኪና ካለን፣ እዚያው ብናቆም እንኳ ትልቁን ትርፍ ይዘናል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲመሽ ሞተሩ ሥር ጠንካራ አምፖል ታበራላችሁ፣ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን በጨርቅ ይሸፍንና ብርሃን ብቅ ያለበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ለድምፁ ስልካችሁ ላይ ያለው መለኪያ ፍጹም ባይሆንም፣ በአንዱ ስልክ፣ በአንዱ ዳገት፣ በአንዱ ማርሽ ከሥራው በፊትና በኋላ ብትለኩ ልዩነቱን ይነግራችኋል። ለሙቀቱ ተራ ቴርሞሜትር ከሾፌሩ ቀኝ ጉልበት አጠገብ ማሰር በቂ ነው። ለዛሬ የተዋስነው ሚኒባስ ከወርክሾፑ ደጃፍ ቆሟል፤ ጥያቄዎቻችሁን ተቀብዬ ስጨርስ ይመሻልና አምፖሉን ይዘን እንወጣለን።